የጋሽ ጆሮ ግራ ጎን

ይህ ሰው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከሚስቱና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ለሌላው ሁሉ ጋሽ ጆሮ ነው። ስሙን የለጠፉበት ብስክሌተኞች ናቸው፤ ብስክሌተኛ ደግሞ አንዴ ስም ከለጠፈ በፒንሳም አይነቀልም። በሥራ ቀን ብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ ማሽን ላይ ቆሞ ብረት ሲቆርጥ ይውላል፤ እሑድ ጠዋት ደግሞ ከሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጦ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የብስክሌት ውድድር ይዳኛል።

ስሙን ያገኘው በከንቱ አልነበረም። ተወዳዳሪዎች በነፋስና በሰንሰለት ጩኸት መሃል፣ ጥርሳቸውን ነክሰው የሚወራወሩትን ቃል እሱ ከኋላ ሆኖ አንድ በአንድ የሚለቅምበት ዘመን ነበር። "ጆሮው መጣ" ከተባለ ግሩፑ በሙሉ እንደተዘጋ ቧንቧ ጭጭ ይላል። አንዳንዶቹ ከኋላው ጆሮ ጠቢ ይሉታል። እሱም ይህንኑ ይሰማና በሆዱ ይስቃል፤ ሲሰድቡት እንኳ መስማቱ ያኮራው ነበር።

በስድብ ላይ እንዲህ ቂም የያዘበት ምክንያት ነበረው። በወጣትነቱ እሱም ተወዳድሯል። ተወዳድሯል ማለት ትንሽ ይከብዳል፤ ሌሎቹ ሲወዳደሩ ከኋላ ይከተል ነበር ቢባል ይቀላል። ከኋላ የሚቀር ሰው ብዙ ነገር ይሰማል፤ ስለ እግሩ፣ ስለ ብስክሌቱ፣ ስለ ዘር ማንዘሩ። ይህን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ እያለ ሲያልፍ ቆይቶ፣ አንድ ቀን ዳገት ላይ ከፊቱ የነበረው ተወዳዳሪ ዞር አለና ስለ እናቱ አንድ ነገር ተናገረ። እናቱ ከተቀበረች ገና ቅርብ ነበር። ተሳዳቢው ይህን አላወቀም፤ ዳገት ላይ የሚሳደብ ሰው ምን ያውቃል። ጋሽ ጆሮ ግን ከብስክሌቱ ወርዶ መንገድ ዳር ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ለውድድር ፔዳል አልረገጠም።

ዳኛ ሲሆን ያቺን ዳገት አልረሳትም። በየስብሰባው ይኼንኑ እያነሳ የፌዴሬሽኑን ሰዎች ሲጨቀጭቅ ሲጨቀጭቅ፣ በመጨረሻ አፉን እንዲይዝላቸው ሲሉ ደንብ አወጡለት። ደንቡ አጭር ነው። በውድድርም ሆነ በውድድር ጉዳይ ሰውን በቃል ያዋረደ ይወጣል፤ የደገመ አንድ ዓመት ይታገዳል። ተወዳዳሪም ሆነ አሠልጣኝ፣ ዳኛም ቢሆን ይላል። "ዳኛም ቢሆን" የምትለዋን ያስጨመራት ራሱ ጋሽ ጆሮ ነው፤ ነገሩ ክብደት እንዲኖረው ያህል እንጂ ዳኛ ይሳደባል ብሎ ማን አሰበ።

ስድብ ደግሞ በእጅ አይያዝም፣ በፎቶ አይነሳም። ስለዚህ ማስረጃው የሞተር ዳኛው ቃል ነው። "ሰምቻለሁ" ካለ ነገሩ አበቃ። ሞተር ነጂው እንኳ አይጠየቅም፤ ዓይኑ መንገድ ላይ፣ ራሱ ሄልሜት ውስጥ የሆነ ሰው ለምስክርነት አይበቃም የሚል የቆየ ልማድ አላቸው። እና ይቺ "ሰምቻለሁ" የምትባል ቃል በጋሽ ጆሮ አፍ ውስጥ እንደ ማኅተም ነበረች።

ግራ ጆሮው መቼ እንደከዳው እሱም በትክክል አያውቅም። የሳምንቱን ቀን በብረት ጩኸት፣ እሑዱን በሞተር ጩኸት የኖረ ጆሮ ድንገት አይሄድም፤ እንደ ጨዋ እንግዳ ቀስ ብሎ፣ ማንንም ሳይሰናበት ነው የወጣው። መጀመሪያ ስልኩን ወደ ቀኝ አዞረ። ቀጥሎ ገበታ ላይ የሚቀመጥበትን ወንበር ቀየረና ለምን ሲባል ከመስኮቱ ነፋስ ይገባል አለ። ወርክሾፕ ውስጥ መቁረጫው ሲዶለዱም ከድምፁ ያውቅ የነበረ ሰው፣ አሁን ብረቱ ተበላሽቶ ሲያየው ነው የሚባንነው። ያኔም ጥፋቱን ከራሱ አላገኘውም። መቁረጫዬን የሚለዋውጥብኝ ሰው አለ ብሎ አጠገቡ የሚሠራውን በያጅ በጎሪጥ ያየው ጀመር። ቀኙ ጆሮ አለ፤ ግን እሱም ጸጥታ ካላገኘ እምብዛም አይታመንም።

የማይሰማ ሰው ዓለሙ ዝም ያለ ይመስለዋል ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። ዓለሙ የሚያንሾካሹክበት ነው የሚመስለው። ሚስቱና ልጁ ማድ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ያያቸዋል፤ ሲገባ ያቆማሉ። በያጁ ከሌላው ጋር ይስቃል፤ በማን ነው? ዳኞች ተሰብስበው አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ በምን ጉዳይ? ድምፁ ሲጎድልበት ፊት ማንበብ ያዘ፤ ፊት ደግሞ ለተጠራጣሪ ሰው የፈለገውን ሁሉ ይነግረዋል። ሐኪም ዘንድ መሄድ አስቦ ያውቃል፤ ግን "ጋሽ ጆሮ ጆሮውን ታመመ" ሲባል ታየውና ተወው። ይህን የሚሰሙ ብስክሌተኞች የሚስቁትን ሳቅ ከወዲሁ ሰማው፤ ያ ብቻ በደንብ ይሰማው ነበር። ዳኝነቱ ከሄደ ደግሞ ምን ቀረው?

ሞተሩን የሚነዳው አማቹ ነው፤ የልጁ ባል። ጋሽ ጆሮ ነፋስ ዓይኑን እንደሚያስለቅሰው ነግሮት ተወዳዳሪዎቹን ምንጊዜም በቀኝ በኩል እንዲያደርጋቸው አዝዞታል። አማቹም ነፋሱ ከየትም ይምጣ ከየት "እሺ አባባ" ይልና በግሩፑ ግራ በኩል ይነዳል። አንድ ቀን እንኳ ለምን አላለም። ይህም ጋሽ ጆሮን አልጣመውም። ሰው ያለ ነገር እንዲህ አይታዘዝም ብሎ አማቹን በልቡ መዝግቦ ይዞታል።

ነገሩ የተፈጠረበት እሑድ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሲወጣ ሚስቱ ከኋላው አንድ ነገር አለች። እሱ የደረሰው ማጉረምረም ብቻ ነው። ዞር ሲል ኮቱን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። "ምን አልሽ?" ብሎ መጠየቅ ነበረበት፤ ግን ያቺን ጥያቄ ከአፉ ካባረራት ቆይቷል፣ ደንቆሮ የሚያስመስል ጥያቄ ነዋ። "እሺ፣ እሺ" ብሎ በሩን ዘጋ። ደረጃውን ሲወርድ የወርክሾፑ ቁልፎች ግራ ኪሱ ውስጥ እየተንቋቁ ጎኑን ይመቱታል፤ እሱ ደግሞ ይቺ ሴትዮ ከልጇ ጋር የምትዶልተው ነገር አለ እያለ ነው።

የዕለቱ ውድድር የሴቶች ነበር። ያሸንፋሉ የተባሉት ሁለት ናቸው። አንደኛዋን ሰው ሁሉ ሳቂታዋ ይላታል። ጥርሷ አይከደንም፤ ዳኛ አይታ ሰላም ሳትል አታልፍም፣ ደግሞ እንደ አጋጣሚ ሁሌ በጋሽ ጆሮ ቀኝ ነው የምትመጣው። ሌላዋ አኩራፊዋ ናት። ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ ማለዳ ማለዳ ዳቦውን በብስክሌት ለየሱቁ ታደርሳለች። ፊቷ ሲፈጠር የተቆጣ ነው፤ ብትስቅም የተቀየመች ትመስላለች። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ በስድብ ወጥታለች። አደባባይ ላይ አንዲት ተወዳዳሪ ገፍታ ብትጥላት አህያ ብላት ነበር፤ ያን ጊዜ ጋሽ ጆሮ በእውነት ሰምቷል። ከደገመች አንድ ዓመት ልትታገድ ነው ማለት ነው። በዚያ እሑድ ደግሞ አንድ ትልቅ ክለብ እሷን የሚያይ ሰው ልኮ ነበር። ከዳቦ ቤት የሚያወጣት በር እሱ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ሁለቱ ሴቶች ሌሎቹን ጥለው ከከተማው ዳር ያለውን ረጅም ዳገት ተያያዙት። እዚያ ጋ የመንገዱ ግራ ለውኃ ቧንቧ ተቆፍሮ በበርሜል ታጥሯል። ሞተሩ ወደ ቀኝ ካልዞረ ማለፊያ የለውም። አማቹ አንዴ ወደ ኋላ አየው። ጋሽ ጆሮም አየው። ሞተሩ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ሁለቱ ሴቶች በግራ ቀሩ።

ያኔ አኩራፊዋ ከኮርቻዋ ተነስታ እየገፋች ከሳቂታዋ ጎን ደረሰች። አፏ ተከፈተ። ቅንድቦቿ ገጥመዋል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ጣቷን ቀስራ ደጋግማ ትጮኻለች። ለጋሽ ጆሮ ከሞተሩ ጉርምርምታ በቀር አንዲት ድምፅ አልመጣለትም። ሳቂታዋ ወደ ታች አየች፣ ፊቷ ክው አለ፣ ከንፈሯን ነክሳ አቀረቀረችና ፔዳሉን ረገጠች። ያቺን ያቀረቀረች አንገት ጋሽ ጆሮ ያውቃታል፤ የራሱ አንገት ናት፣ የዚያች የጥንቷ ዳገት። ደሙ ፈላ። ፊሽካውን ነፋ፣ ቀዩን ካርድ አወጣ።

አኩራፊዋ ቆመች። እጆቿን ዘርግታ የሆነ ነገር ተናገረች፤ እሱ ፊቱን አዞረባት። ሳቂታዋ ብቻዋን ገብታ አሸነፈች፤ የክለቡም ሰው ቦርሳውን ዘግቶ ሄደ።

መድረሻው ላይ አንድ ሜካኒክ የሳቂታዋን የፊት ጎማ ይዞ ማጥበቂያውን ሲያጠብቅ ጋሽ ጆሮ ልብ ብሎ አየ። ሜካኒኩ ደንግጧል። ጎማው በሰላም አገር እንዴት ላላ? ወዲያው ጠዋት ትዝ አለው። ብስክሌቶቹ ግድግዳ ተደግፈው በተደረደሩበት ቦታ አኩራፊዋ ስትንጎራደድ አይቷታል። ሁሉም እዚያ ሲንጎራደድ ነበር፤ እሱ ግን የሚያስታውሰው እሷን ብቻ ነው። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየው። መጀመሪያ ጎማዋን አላላች፣ አልወድቅ ስትላት በስድብ ልትጥላት ሞከረች። ራሱን ነቀነቀ፤ የሰው ልጅ ክፋት ገረመው።

ወደ ቤት ሲመለሱ አማቹ መብራት ላይ ሲቆሙ በቀኙ በኩል ዘወር ብሎ ያቺ ልጅ ያለችውን ሰምቶት እንደሆነ ጠየቀው።

"ጆሮ የለኝም እንዴ?" አለ ጋሽ ጆሮ።

"አይ፣ አለዎት አባባ። እኔ ግን 'ቁሚ' ያለቻት መስሎኝ ነው።"

ጋሽ ጆሮ ያወጣ ያወርድ ጀመር። ይኼ ልጅ ለሷ የሚከራከርላት በምን ሒሳብ ነው? ሞተሩ ቤት ሳይደርስ መልሱን አገኘው። አማቹ ዳቦ የሚገዛው ከዚያ ዳቦ ቤት ነው።

በዚያ ሳምንት ቤቱ ውስጥ ሹክሹክታው ባሰ። ልጁ ትመጣለች፣ ከእናቷ ጋር ትቀመጣለች፣ እሱ ብቅ ሲል ስለ አየር ፀባይ ማውራት ይጀምራሉ። ስለ አየር ፀባይ እንዲህ በሐዘን የሚያወራ ሰው አይቶ አያውቅም። ወርክሾፕ ውስጥ አንድ ዘንግ አበላሸና በያጁን ተጣላው። ማታ የራት ሰሐኑን ወደ ፊት ገፍቶ የሚያወሩትን ከከንፈራቸው ለመልቀም ሲሞክር፣ ሚስቱ አየችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሱ ግን ጥፋቷ አስለቀሳት ብሎ ተረጎመው።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው የተሰበሰበው ከሥራ መውጫ ላይ ነው። ቀድሞ ሄዶ ወንበር መምረጥ ነበረበት፤ ሰዎቹን በቀኙ የሚያደርግበትን ወንበር። ግን ማን ከማን ጋር እንደሚመጣ ልይ ብሎ ከመንገዱ ማዶ ካለ የጫማ መሸጫ ደጃፍ ቆመ። ጠርጣሪ ሰው ትዕግሥት አያጣም፤ ቆይቶም ያየውን አየ። አማቹ በሩ ላይ አኩራፊዋን አስቁሞ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገራት፣ በእጁም ወንበር ወንበር የሚመስል ምልክት አሳያት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። የገዛ ልጁ ባል!

ይህን ሲሰልል አርፍዶ ሲገባ ክፍሉ ሞልቷል። ጠባብ ቢሮ ነው፤ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አቧራ የጠጣ ዋንጫ ተደርድሯል፣ ወለሉ ሰድር ነው። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ አኩራፊዋም ከዚያ ወንበር በስተግራ ተቀምጣለች። እሱ ሲገባ ለመነሳት ቃጣት፣ ቦታ ልትቀይር ፈልጋ ይመስላል። እሱ ግን ልታመልጥ ነው ብሎ ቶሎ ተቀመጠ።

ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናት፤ ቀስ ብላ፣ አፏን ከፍታ ስለምትናገር ጋሽ ጆሮ ይወዳታል። መጀመሪያ ሳቂታዋን ጠየቀቻት። ሳቂታዋ ፈገግ ብላ ነፋስ ስለነበረ የተባለውን አልሰማሁም አለች። ቀጥሎ አኩራፊዋ ተናገረች። ለረጅም ጊዜ፣ በዝግታ፣ ወለሉን እያየች ተናገረች። ጋሽ ጆሮ አንዲት ቃል አልደረሰችውም። የኮሚቴው ዓይኖች ሁሉ ወደ ግራው ዞረው ሲያዘነብሉ ያያል፤ ዓይኖቹ ሲለሰልሱ አይቶ ሰጋ፤ ይቺ ምላሷ ማር ነው ማለት ነው አለ በልቡ። እንደሚሰማ ሰው በየመሃሉ በንቀት ራሱን ይነቀንቃል።

"ጋሼ፣ የምትለውን ሰምተዋል። ምን ይላሉ?" አለችው ሰብሳቢዋ።

"ውሸት ነው" አለ ጋሽ ጆሮ።

"እርስዎስ? ስድቡ ምን ነበር?"

እስከዚያ ቀን ይህን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። "ሰምቻለሁ" ማለት ይበቃ ነበር። እሷን ደግሞ ማን አስተማራት? በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ አያቸው፤ ሁሉም የሚያውቀው፣ እሱ ብቻ የማያውቀው ነገር ያለ መሰለው። ከወንበሩ ተነሳ።

"በጨዋ ሰው ፊት የሚደገም አይደለም!" አለ። ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተው። ጠረጴዛውን በቡጢ እየመታ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ጎማውን ያላላችው እሷ መሆኗን እንደሚጠረጥር፣ ከበስተጀርባዋ ሰው እንዳለ፣ ዳቦ ቤት ያደገች አፏ ያልተገራ ባለጌ እንደሆነች። ዋንጫዎቹ ቁም ሳጥኑ ላይ ተንቀጠቀጡ። ጨርሶ እየተነፈሰ ተቀመጠ።

ያኔ የኮሚቴው ዓይኖች ሁሉ እንደገና ወደ ግራው ሲዞሩ አየ። ዞር አለ። የአኩራፊዋ ፊት ከፊቱ አጠገብ ነው፤ ያ የተቆጣ ፊት፣ ያ ቅንድብ፣ አንድ ነገር ተናግሮ ገና ሊዘጋ ያለ አፍ።

"ይኸው!" አለ ከወንበሩ እየዘለለ። "እዚሁ ፊታችሁ ሰደበችኝ! ሰምታችኋል አይደል?"

አንዱ የኮሚቴ አባል ዓይኑን አሸሸ። ሰብሳቢዋ መነጽሯን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የጋሽ ጆሮ ዓይን ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲንከራተት ቆይቶ የአኩራፊዋ መዳፍ ላይ አረፈ። የተዘረጋው መዳፍ ላይ የወርክሾፑ ቁልፎች አሉ።

"ከኪስዎ ወድቆ ነው" አለች ሰብሳቢዋ፣ ቀስ ብላ፣ አፏን ከፍታ። "'ጋሼ፣ ቁልፍዎ ወድቋል' ነው ያለችዎት።"

ቁልፎቹ እኮ ትንሽ አይደሉም። ሰድር ላይ ሲወድቁ ክፍሉ በሙሉ ሰምቷል፤ በኋላ እንደተወራው የጽሕፈት ሠራተኛዋ ደንግጣ እስክሪብቶ ጥላለች። ያልሰማው እሱ ብቻ ነበር።

ጋሽ ጆሮ ተቀመጠ። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወዴት እንደሄደ አይታወቅም። አፈረ፤ እንዲያ ያለ ማፈር በዕድሜው አያውቅም፤ ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠው ደስ ባለው። ወደ ልጅቷ ዞረ።

"ያን ቀንስ?" አላት። "ዳገቱ ላይ ምን ነበር ያልሻት?"

አኩራፊዋ ቅድም ሁሉንም ተናግራ መጨረሷን አላነሳችበትም። ተነሳች፣ በወንበሩ ጀርባ ዞረች፣ በቀኙ በኩል ጎንበስ አለች።

"'የፊት ጎማሽ ላልቷል፣ ቁሚ፣ ትሞቻለሽ' ነው ያልኳት።"

ጋሽ ጆሮ ሳቂታዋን አያት። ሁሉም አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷ ተከድኗል፤ ጉልበቷን እያየች የቀሚሷን ጫፍ ታጥፋለች። ከዚያ በኋላ እሷን የጠየቀ የለም፤ መጠየቅም አላስፈለገም።

"ያን ቀን አልሰማሁም" አለ ጋሽ ጆሮ። "የግራው ከተወኝ ቆይቷል። ያልሰማሁትን ነው ሰማሁ ያልኩት።" ወደ ኮሚቴው ዞረ። "ደንቡ ላይ 'ዳኛም ቢሆን' የምትለዋን ያስጨመርኳት እኔ ነኝ። አሁን እዚህ ሰው ያዋረደው ማን ነው? ባለጌ ስላት ሰምታችኋል። ሰምቻለሁ በሉ እንጂ።"

ማንም አልደፈረም። እሱ ግን ሰብሳቢዋን እያየ ጠበቀ።

"ሰምቻለሁ" አለች በመጨረሻ።

"እንግዲያው ወጥቻለሁ" አለና በሩን ከፍቶ ወጣ።

መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል። አንገቱን ሰብሮ የእግረኛውን መንገድ ይዞ ሄደ። ከፊቱ የሚመጡ ሰዎች በትከሻው አሻግረው ወደ ኋላው ያያሉ፤ በልማዱ ምን ያዩብኛል ብሎ ተናደደ። አማቹ ከሞተሩ አጠገብ ቆሟል። እሱም ወደ ኋላው በእጁ ይጠቁማል። ጋሽ ጆሮ ሲዞር አኩራፊዋ እየሮጠች መጥታለች፤ ትንፋሿ ተቆርጧል። ከቢሮው በር ጀምራ ስትጠራው ነበር፤ መንገደኛው ሁሉ ሲዞር እሱ ብቻ አልዞረም። ከፊቱ መጥታ ቆመችና ቁልፎቹን ሰጠችው። ቅድም ከእጇ ሳይቀበላት ነበር የወጣው።

"ግራ ኪስዎ ተቀዷል" አለችው፣ አፏን ከፍታ። "ያሰፉት።"

ያን ፊት በቅርብ አየው። አልተቆጣም። እንዲያው ቅንድቡ እንደዚያ ሆኖ የተፈጠረ ፊት ነው። ይቅርታ ለማለት ያህል እጇን በሁለት እጁ ያዘ። እሷም ገባት መሰለኝ፣ ራሷን ነቀነቀችና ተመለሰች፤ ውሳኔውን ገና አልሰማችማ። በኋላ እንደታወቀው እገዳው ቀርቷል፤ ሰብሳቢዋም የክለቡን ሰው ራሷ ደውላ ጠርታዋለች።

ሞተሩ ላይ ሳይወጣ አማቹን ቅድም በሩ ላይ ልጅቷን ምን ሲላት እንደነበር ጠየቀው።

"በቀኝዎ በኩል ተቀመጪ ነው ያልኳት" አለ አማቹ መሬት እያየ። "እንዲሰሟት ብዬ።"

"ታውቅ ነበር?"

"ሁላችንም እናውቃለን አባባ። እንዴት እንደምንነግርዎት ነው የቸገረን።"

ጋሽ ጆሮ ሞተሩ ላይ ወጣ። የሰለለውን ሹክሹክታ ሁሉ፣ የአየር ፀባዩን ሁሉ፣ የሚስቱን እንባ እየመለሰ ሲያስበው አንጀቱን በላው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ማድ ቤት ነበረች። ኮቱን አውልቆ ግራ ኪሱን ገለበጠው፤ ጣቱ በቀዳዳው ወጣ። ኮቱን እንደያዘ ወንበር ስቦ በቀኙ በኩል እንድትሆን አድርጎ ተቀመጠ። ያቺን ከአፉ ያባረራትን ጥያቄ መልሶ ለማምጣት ትንሽ ታገለ።

"እሑድ ጠዋት ስወጣ ምን ነበር ያልሽኝ?"

ሚስቱ እጇን በጨርቅ እየጠረገች አየችው። ኮቱን አየችው፣ የዞረውን ወንበር አየችው።

"የቱን ነው?" አለችው። "እኔ ያላልኩህ ነገር አለ እንዴ?"

"እንግዲያው ከመጀመሪያው ጀምሪ" አለና ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።